ያልተሰጠኝ ሪባን

ልጄ ከቴፒ ካምፓስ ሻንጣዋን ይዛ የመጣችው ለፈተናዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። «ታመሽ ነው ወይ?» ብላት «ደክሞኛል» አለች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነው። የወፍጮና የቡና መፈልፈያ ሞተር መጠገንንም ማንም ሳያስተምረኝ፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ ለመድኩት። ድካም ማለት ለእኔ ሰነፎች ለስንፍናቸው ያወጡለት ስም ነበር። ይህንኑ ጠዋት ማታ ነገርኳት። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ስመክራት አቋረጠችኝ። በቤታችን አባት አይቋረጥም።

«አባባ፣ እርስዎ ደክሞዎት ያውቃል?»

«ያውቃል። ግን አልቀመጥም።»

«እሁድ የከተማው ሩጫ አለ፤ አሥር ኪሎ ሜትር። ሳይቀመጡ ከጨረሱ ሰኞ ቴፒ እመለሳለሁ። ከተቀመጡ ግን ይተዉኝ።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሚመለሰው እኮ በባጃጅ ነው!»

ከሰዓት ሄጄ የሩጫውን ቲሸርት ገዛሁ።

እሁድ ጠዋት ያካፋ ነበር። ከምንኖርባት ሚዛን ተነስተን፣ ጎረቤቷን አማንን አልፈን፣ ዞረን እንመለሳለን። ማዞሪያው ላይ ለደረሰ ሰው ክንዱ ላይ ቢጫ ሪባን ይታሰርለታል፤ ሪባን የሌለው ሜዳሊያ አይሰጠውም። እኔም በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ከወጣቶቹ ጋር እኩል ተፈትልኬ ወጣሁ። ይህ ትዕቢት ነበር። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትንፋሼ ተቆራረጠ። አንድ ባለባጃጅ አጠገቤ ቀስ እያለ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ፋዘር፣ ይግቡ! በነፃ ነው!»

«ሂድ ከዚህ!»

«እሺ፣ ይቅደሙኛ!»

አማን ዳገቱ ላይ ተቀመጥኩ። አስቤበት አልነበረም። ቡና የተሰጣበት አንድ ግቢ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ነበር፤ እዚያ ላይ ራሴን አገኘሁት። ቡናውን ከዝናብ በላስቲክ የምትሸፍን ሴት አየችኝና «ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለች። አልፈልግም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እግሬ አልታመመም፣ ልቤም ክፉኛ አልመታም። ተነሳ ብዬ አዘዝኩ፤ የሚታዘዝልኝ ግን ጠፋ። ሕፃናት ያዘሉ እናቶች አለፉኝ። ከሁሉ ኋላ የሚመጣው አምቡላንስ ቆሞ «አባት፣ እንውሰድዎት?» ሲለኝ እንኳ እጄን ብቻ አወዛወዝኩ።

ብዙ ቆይቼ ተነሳሁና በእግሬ እያዘገምኩ ማዞሪያው ደረስኩ። ሰው የለም። ሪባን የሚያስሩት ሄደዋል፤ የወዳደቁ ቢጫ ቁራጮች ጭቃ ላይ ተለጥፈዋል። አንዱን አነሳሁ፣ በሱሪዬ ጠረግኩት፣ በጥርሴ እየሳብኩ ክንዴ ላይ አሰርኩት። መዞሬ እውነት ነው፣ ስለዚህ ይገባኛል ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። መዋሸት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው አንድ እውነት የሆነ ነገር ነው። ልጆቼን ስገስጽ ይህንን አላውቅም ነበር።

መጨረሻው ላይ የድምፅ ማጉያውን ገመድ እየጠቀለሉ ነበር። አንዱ ክንዴን አየና ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ልጄ ጃንጥላ ይዛ ብቻዋን ቆማ ትጠብቀኛለች። ሪባኑን አየችው።

«አልተቀመጡም?»

«ዞሬ መጣሁ» አልኳት።

ለጠየቀችኝ የተሰጠ መልስ አልነበረም። እሷ ግን እንደ መልስ ወሰደችው። «እሺ» አለች።

ቤት እንደገባን ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎተተች። እኔ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ በተከፈተው በር አያታለሁ። አንድ ሹራብ አንስታ ታጥፋለች፤ ጭኗ ላይ ታደርገዋለች። እጇ ቀጣዩን ልብስ ለማንሳት አይሄድላትም። ድንጋዩ ላይ ሳለሁ ያየኝ ሰው ሁሉ ያየው ይህንኑ ነበር። ሜዳሊያው ገና አንገቴ ላይ ነበር።

«ተቀምጬ ነበር» አልኩ።

ቀና አለች። «የት?»

«አማን፣ ዳገቱ ላይ።»

«ብዙ?»

«አምቡላንሱ እስኪያልፈኝ። ሪባኑንም ያነሳሁት ከመሬት ነው።»

«ታዲያ ለምን ይነግሩኛል? አሸንፈውኝ ነበር እኮ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ስለ እውነት ረጅም ምክር እሰጥ ነበር፤ ያን ቀን ግን አፌም ደክሞት ነበር። «አንቺስ የት ላይ ነው የተቀመጥሽው?» አልኳት።

ነገረችኝ። ከመማሪያ ክፍሏ በር እየደረሰች ወደ ዶርም መመለስ ከጀመረች ወር አልፏታል። ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ ስትነሳም ያው ነው። አንድ ጊዜ «ታዲያ ለምን ማንቂያ ደወል...» ብዬ ስጀምር ባለቤቴ ትከሻዬን ያዝ አደረገችው። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ሰማሁ።

አሁንም ስንፍናን እጠላለሁ። ልጄን ግን ሳልጠይቅ ፈርጄባታለሁ፤ ይህንን የጻፍኩትም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለማመን ነው።

ሰኞ አብረን በሚኒባስ ቴፒ ሄድን፤ ትምህርቷን ለጊዜው የምታቋርጥበትን ቅጽ ልትሞላ። ሐኪም ዘንድም እንደምንሄድ ተስማምተናል። የቢሮው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ «ምክንያት» የሚለው መስመር ጋ ስትደርስ ቆመችና አየችኝ።

«ምን ልበል፣ አባባ?»

«ያለውን ጻፊ» አልኳት።

ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። አንብቤ፣ ከሥሩ በወላጅ ቦታ ፈረምኩ።