የጋሼ ይማም ደብዳቤ

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ቀላል ቀላሉን አራግፌ ስመለስ፣ ይኼኛው ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እናንተ አታውቁኝም። ምናልባት ደፍሬ የምናገረው ለዚህ ይሆናል።

ስሟን በማልጠራት አንዲት ወረዳ፣ ከመካነ ሰላም ብዙ ሳትርቅ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ሌላ ጊዜ ሰኔ ሳይደርስ በጀቱ ያልቅና መምህራን ደመወዝ አጥተው ደጃችን ይሰለፋሉ። በዚያ ዓመት ግን በጀቱ ሳይጎድል ዓመቱ ተዘጋ። ምርጫም እየቀረበ ነበርና ጭቅጭቁ ተነሣ። የገዢው ፓርቲ ሰዎች «የድርጅታችን መስመር ውጤት ነው» አሉ። ተቃዋሚዎቹ «እኛ ባንጮህ ኖሮ በልታችሁት ነበር» አሉ። ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ሰው እየተያየ ይቀመጥ ጀመር።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በጀቱን ያዳኑት የበጀት ባለሙያው ጋሼ ይማም እንደሆኑ እኔ አውቅ ነበር። አበል ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ «ሄደህ የምትሠራው ምንድን ነው?» ብለው ይመልሱት ነበር። የመሥሪያ ቤቱን መኪና አስቁመው እሳቸው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ለወረዳው አስተዳዳሪም፣ ጉዞው ካልተቀነሰ የመምህራን ደመወዝ ይጎድላል ብለው ደብዳቤ ጽፈዋል። አስተዳዳሪው ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አይመለከትህም» ብሎ መልሶላቸዋል። ጋሼ ይማም ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ አስቀምጠው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ምስጋናው ለእኔ ይገባል ሲሉ አንድ ቀን አልሰማሁም።

ያንን ደብዳቤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለእውነት ብዬ ነው? ቢሆንማ ምን ነበረበት! ለተቃዋሚዎቹ የሚወዳደር መምህር ጓደኛ ነበረኝ፤ ሻይ ቤት ሰው ፊት «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ፣ ደማሪ ነህ» ብሎ ቢያሾፍብኝ ደሜ ፈላ። መካነ ሰላም ለሥራ ስሄድ ደብዳቤውን ኮፒ አስደርጌ አመጣሁለት። እሱም በሳምንቱ በገበያ ቀን፣ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት፣ «በጀቱን ያዳነው የኛ ሰው ነው!» እያለ አነበበው።

ግምገማ ተጠራን። ሁለት ቀን ሙሉ ሂስና ግለ ሂስ። አስተዳዳሪው ሰነዱን ያወጣው ሰው ራሱ ይነሣ ይላል፣ ማንም አይነሣም። የፋይሉ ሳጥን ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ብቻ ነበር፤ በጋሼ ይማምና በእኔ። በሁለተኛው ቀን ዓይኖች ወደ እኔ መዞር ጀመሩ። ያኔ እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ ይማምን ከመምህሩ ጋር ሲመካከሩ አይቻቸዋለሁ» አልኩ።

አይቻቸው ነበር፤ ለቅሶ ቤት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው። ለቅሶ መሆኑን አልተናገርኩም። ያንን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ።

ጋሼ ይማም ቀና ብለው አዩኝ። «ደብዳቤውን የጻፍኩ እኔ ነኝ። ለሰው ግን አልሰጠሁም» አሉና ተቀመጡ። ሁለተኛው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ያውቃሉ። አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። ለምን አላሉም? ልጆች እንዳሉኝ አስበው ይሆን? ወይስ ራሴ እስክናገር እየጠበቁ ነበር? ጠብቀው ከሆነ በከንቱ ጠበቁ።

ከሥራ ተሰናበቱ። ወንበራቸው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ጭቅጭቁ ቀጠለ፤ አንዱ ወገን ከሃዲ፣ ሌላው ወገን ጀግናችን ይላቸዋል፣ ቤታቸው ዱቄት መኖሩን የጠየቀ ግን የለም። በዓመቱ ልጃቸው ዘሃራ ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ አረብ አገር ልትሄድ ተነሣች።

በእኛ አገር ሩቅ የሚሄድ ሰው፣ እስላምም ሆነ ክርስቲያን፣ ቂም ይዞ እንዳይወጣ ጎረቤቱን እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል። ዘሃራም ጠዋት መጥታ ደጄ ላይ ቆመች። አዲስ ጫማ አድርጋለች፣ ገና አልለመደችውም።

«ጋሼ፣ ሳላውቅ አስቀይሜዎት ተሆነ አፉ በሉኝ» አለችኝ። «አባቴ ተአንቱ ቤት ጀምሪ ብሎኛል።»

ከእኔ ቤት ጀምሪ! አባቷ የላኳት ለእኔ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ያንን ቃል እኔ እንድናገረው፣ በሩን ከፍተው ልጃቸውን ልከውልኛል። «ያስቀየምኩሽ እኔ ነኝ» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች።

«አፉ ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አልኳት።

ይቅር አልኳት! እኔ፣ እሷን! እጄን ስማ ሄደች፤ እሷን የጫነው የወረኢሉ አውቶቡስ ሲያልፍ ከመስኮቴ አየሁት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ዝም ካልኩ በየት በኩል ሊጠራ? ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር እንዳልል፣ በግምገማው እጄን ይዞ ያወጣው ዘመኑ አይደለም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ጋሼ ይማም አርጅተዋል፣ ግን አሉ። ቤታቸው ከቤቴ ሩብ ሰዓት አያስኬድም። ይህን ሁሉ ለእናንተ ጻፍኩ እንጂ፣ እሳቸው ደጅ እስከ ዛሬ አልሄድኩም።