አባቴ በካውያ የተኮሳቸው ወረቀቶች

እርጥብ ጨርቅ ላይ የጋለ የከሰል ካውያ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ከየትም ይምጣ ከየት፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገና ሲገባ ይዞኝ የሚሄደው ከሚሴ፣ አስፋልቱ ዳር ወዳለችው የአባቴ የልብስ ስፌት ሱቅ ነው። ቤታችን ከሱቋ ጀርባ ስለነበር፣ የባጃጁ ጥሩንባና «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» የሚለው የሚኒባስ ረዳት ጩኸት እየተቀላቀሉብኝ፣ ከስፌት መኪናው ስር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፖፕሊኑን ከሱፉ በጣቴ እየለየሁ እውል ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ ዓይኔ አያይም፤ ያን ጊዜ ግን ሰው ሁሉ እንደኔ በጣቱ የሚለይ ይመስለኝ ነበር።

በጋ በጋ፣ ሙቀቱ ሲበረታና ሰው ጥላ ፍለጋ ሱቃችን በር ላይ ሲሰበሰብ፣ የሰማሁትን ሁሉ በቃሌ እይዝ ነበር፤ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ ኡስታዙ ለሰፈሩ ልጆች የሚያስቀሩትን የቁርአን ሱራ፣ እማ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ የምትጨርሰውን የጎረቤት ወሬ ሳይቀር። «ያ ረቢ! ይቺ ልጅ ባለችበት ምንም አይወራም» ትል ነበር እማ። ባቲ ገበያ ግመል የሚያሻሽጠው ወንድሟ፣ አጎቴ ሰይድ ደግሞ በመጣ ቁጥር የያዝኩትን ሁሉ አስወርዶኝ ሲያበቃ፣ «ማሻ አላህ! ጭንቅላት አይደለም እኮ፣ ቴፕ ነው!» እያለ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

አንድ መስከረም፣ አባ እህቱ ወዳለችበት ደሴ ወስዶ፣ ለዓይነ ስውራን ልጆች ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አስገባኝ። እዚያ ብሬል ተማርኩ። ወረቀቱን ስሌት በሚባለው ባለ ቀዳዳ ብረት መሀል ያስገቡና፣ ስታይለስ በሚሉት ወስፌ መሳይ ነገር ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ በነጥብ እየወጉ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን አውጥተው ይገለብጡና ጉብ ጉብ ያለውን ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ያነባሉ። ስጽፍ ወዲያ፣ ሳነብ ወዲህ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲምታታብኝ ከረመ።

ክረምት ሲገባ ለእረፍት ወደ ከሚሴ ተመለስኩ። ዝናቡ መንገድ ላይ ይዞን ስለነበር ቦርሳዬ ረጥቦ፣ ዓመቱን ሙሉ የጻፍኳቸው ወረቀቶች እርጥበት ጠጥተው ነበር። እማ አቅፋኝ አልለቅ አለች፤ «ከስተሻል፣ ደሴ ብርድ እንጂ ምግብ የለም እንዴ?» እያለች ጉንጬን ትዳስሰኝ ነበር። በነጋታው አጎቴ ሰይድ ከባቲ መጣና ገና ሳይቀመጥ፣ «በይ ሀዩ፣ ደሴ ያስተማረችሽን አንብቢልን!» አለኝ። አባ ወረቀቶቹን ከሱቅ አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ለብ ለብ ይሉ ነበር።

ጣቴን ሰደድኩ። ምንም የለም። ሁለተኛውን ገለጥኩ፣ ልሙጥ። ሦስተኛውም ልሙጥ። ገልብጬ በጀርባ ሞከርኩ። ፊደሉ የሚኖረው ደሴ ብቻ ነው እንዴ? ወይስ ጣቴ ረሳ?

«ፊደሉ የለም» አልኩ።

«የትኛው ፊደል?» አለ አባ።

«ጉብ ጉብ ያለው ነዋ!»

አባ ቀስ ብሎ፣ «ያ... ፊደል ነበር እንዴ? እኔ እኮ ዝናቡ ያኮማተረው መስሎኝ፣ በካውያ ድምጥማጡን አጠፋሁት» አለ። ለደንበኛ ያልተተኮሰ ልብስ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው፣ የልጁን ወረቀት እንደተጨማደደ መመለስ ነውር መስሎት፣ ጠዋት ሙሉ አንድ በአንድ ሲተኩስልኝ ነበር ያረፈደው። እማ ሳቋን መያዝ አቃታት።

እኔ ግን እንዳያፍሩብኝ ብዬ፣ ልሙጡ ወረቀት ላይ ጣቴን እየነዳሁ፣ ተጽፎበት የነበረውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ ወረድኩት። አጎቴ ጭኑን በጥፊ መታ። «ይኸው! ያለ ፊደልም አነበበችው! ታዲያ ደሴ ምን ያደርግላታል? እዚሁ እናቷ ጋ ሆና ቁርአኗን በቃሏ ትያዝ። ይቺ ልጅ ጆሮዋ ይበቃታል!» እማም ሳቋን አቁማ፣ «እውነቱን ነው፣ ልጄ አጠገቤ ብትሆን...» አለች።

ይበልጥ የጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ ልክ ቢሆንስ? ዓመቱን ሙሉ አነብ ነበር ወይስ ጣቴ ወረቀት ላይ እየሄደ አፌ የሰማሁትን ይደግም ነበር? ራሴን ብጠይቀው ራሴም አላወቀም። ማንበብና ማስታወስ የሚለያዩበት ቦታ ጠፋኝ፤ መስከረም ሲመጣ ደሴ መመለሴና አለመመለሴ ግን በዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አባ ያን ቀን ብዙም አልተናገረም። ማታ ከራት በፊት፣ የልብስ ልክ የሚያወጣበትን ወፍራም ካኪ ወረቀት ቆራርጦ መጣና፣ «ሰይድ፣ አንተ ቃል ስጣት፣ እሷ ትጻፍ» አለ። አጎቴ «ግመል!» አለ፣ ከዚያ የወንዛችንን ስም «ቦርከና!»፣ «ማሽላ!»፣ ሌላም ሌላም፤ እኔ እያንዳንዱን በየወረቀቱ ወጋሁ። «እንዴ! እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ነው እንዴ የምትጀምሪው?» ብሎ ደስ አለው። አባ የየወረቀቱን ቃል ጀርባው ላይ በእርሳስ ጫር አድርጎ፣ አደባልቆ አንዱን ሰጠኝ።

ከግራ ጀመርኩ። «ደግሞ ከግራ? ቅድም ከቀኝ አልነበር እንዴ?» አለ አጎቴ። ጣቴ ያገኘው ነገር ፊደል አይመስልም። የማላውቃቸው ነጥቦች ተሰካክተዋል። ደግሜ ሄድኩበት፣ ያው ነው። እንባዬ መጣ።

«በቃ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ራስሽን አታስጨንቂ» አለ አጎቴ በለሰለሰ ድምፅ። ማዘኑ ከመቀለዱ ይልቅ ጎዳኝ።

ያን ጊዜ ጣቴ አንድ ነገር ያዘ፤ የመስመሩ መጀመሪያ ባዶ ነው፣ ቃሉ የታጨቀው መጨረሻው ላይ ነው። እኔ ደግሞ ስጽፍ ሁልጊዜ ከቀኝ ጠርዝ ነው የምጀምረው፤ ሲገለበጥ ቃሉ ግራ ጠርዝ ላይ ነበር መገኘት ያለበት።

«አባ! ዘቅዝቀህ ነው እኮ የሰጠኸኝ!»

ወረቀቱን አዙሬ አነበብኩ፣ «ማሽላ!»

አጎቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ጀርባውን አየ። «ዱጋ! እውነት ነው!» አለ አጎቴ፤ «እኔ ራሴ የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ አላወቅኩም!» አባ ሌላ ሰጠኝ፣ እሱንም አነበብኩ፤ ሌላ፣ ሌላ። በመጨረሻ አንዱን በእጁ ይዞ፣ ነጥቦቹን በራሱ አውራ ጣት ሲዳብሳቸው ሰማሁት። «የሰማውን የሚረሳ ሰው እንኳ ይህን ቢያገኝ ያነበዋል ማለት ነው» አለ። እማ አለቀሰች፤ ግን መስከረም ሲመጣ ለደሴ ብርድ ሹራቤን የጠቀለለችልኝ እሷ ናት።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ይህንንም የምጽፈው በብሬል ነው። ያን ጊዜ የሰማሁት አንድም ነገር አይጠፋብኝም ነበር፣ አንድ ነገር ከጣልኩ መልሼ የማገኝበት ቦታ ስላልነበረኝ መሰለኝ። ዛሬ ግን እየጻፍኩ ሳለሁ፣ ከላይ ምን እንዳልኩ ይጠፋኛል። ወረቀቱን አውጥቼ እገለብጥና በጣቴ እፈልገዋለሁ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። መርሳት እንዲህ ደስ የሚል ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ ያውቃል?