ወጨጫ ላይ የዋጠን ጉም

እናቴ ለሦስት ቀን ጫካ እንድሄድ የፈቀደችልኝ መሪያችን ሴት ስለነበረች ብቻ ነው። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአከራያችን ቤት ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች፣ ከእናቴ ጋር ለብቻችን እንኖር ነበር። እሷ ከተማ መሃል ቢሮ ትሠራለች፤ ገና ሳይነጋ ወጥታ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። እኔን ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም መላክ አትወድም። የሴት ልጆች ክበባችን በሰበታ በኩል ሱባ ደን ገብቶ፣ ወጨጫን አቋርጦ፣ በመናገሻ በኩል የሚወጣ የእግር ጉዞ አዘጋጀ ስላት መጀመሪያ ያለችኝ፣ «የጅብ ራት ልትሆኚ ነው?» ነበር።

መሪያችን ግን ራሷ ቤታችን ድረስ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ፀሐይ ያጠቆራት፣ እርምጃዋ ድምፅ የሌለው ሴት ነበረች። ክፍል ገብታ ባታስተምረንም ሁላችንም «ቲቸር» ነበር የምንላት። ጠረጴዛችን ላይ ካርታ ዘርግታ የምናድርበትን ቦታ ለእናቴ በጣቷ አሳየቻት። እናቴ ካርታውን አላየችውም፤ የምታየው የሴትየዋን ፊት ነበር። ስትሸኛት በር ላይ እጇን ይዛ፣

«ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ አደራ» አለቻት።

«ከራሴ አስበልጬ ነው የማያት» አለች ቲቸር።

ስድስት ልጆች ነበርን። ከመካከላችን አንዷ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ረጅም፣ አፏ የማያርፍ፣ ሕግ ሁሉ ለሌላ ሰው የወጣ የሚመስላት። አንዷ የሰበታ ልጅ ናት፤ ከሁላችንም ታናሽ ስለሆነች «ትንሿ» እንላታለን። አንዷ ደግሞ ከሱሉልታ የመጣች፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ የምትሸፍን፣ ክበባችንን ገና መቀላቀሏ ነበር። ካልጠየቋት አታወራም። ኩራተኛ ናት ብለን ከወሰንን ሰንብተናል።

የደኑ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ አሉ፤ ሁሉም ኦቦ ይላቸዋል። እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ካፖርት ለብሰው ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁን። «አካም ጅርቱ ኢጆሌ ኮ፣ እንዴት ናችሁ ልጆቼ» ብለው እያንዳንዳችንን ጨበጡን። ቲቸር ስልካችንን ሰብስባ በከረጢት ሰጠቻቸው፤ ጫካውን በዓይናችን እንድናይ ነው አለች። ከሷ ስልክ በቀር አንድም አልቀረም። ሽማግሌው የምንሄድበትን ጠየቋትና ወደ ተራራው ቀና አሉ።

«ወጨጫ ላይ ከሰዓት በኋላ እንዳትቆዩ። ሁሪ ይወርዳል።»

«ጉም ማለታቸው ነው» አለች ትንሿ ቀስ ብላ።

«ከወረደባችሁ ደግሞ ቁጭ በሉ። ሰው ጉም ውስጥ ቀጥ ብዬ ሄድኩ ይላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም።»

«አውቀዋለሁ ኦቦ፤ ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ» አለች ቲቸር።

«እኔስ ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ?» አሉ ሽማግሌው። አልሳቁም። ዛፉ እስኪጋርደን ድረስ ዞር ባልኩ ቁጥር እዚያው ቆመው ያዩን ነበር።

ደኑ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ማታ ማታ ይላል። ጽዱ ረጅም ነው፤ ከቅርንጫፎቹ የተንጠለጠለው ሽበት የመሰለ የዛፍ ፀጉር ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል። እኛ መንገድ ዳር አድገን ጸጥታ አናውቅም፤ መጀመሪያ እየተሳሳቅን ገባን፣ በኋላ ማንም ሳይናገረን ድምፃችንን ቀነስን። ለምሳ ስናርፍ ጦጣዎች መጡና ብስኩትና ከረሜላ ያለበትን የቲቸርን ከረጢት ይዘው ዛፍ ላይ ወጡ። እኛ በሳቅ ስንሞት እሷ ሮጠች። ዛፍ ለዛፍ እያየች፣ እሾህ ውስጥ እየገባች፣ ለአንድ ከረጢት ከረሜላ ሲባል ሰው ከሚሮጠው በላይ ሮጠች። ክንዷ ተቧጭሮ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ቲቸር፣ ከረሜላ ነው እኮ!» አለች ረጅሟ።

«አዎ፣ ከረሜላ ነው» አለችና ዘግይታ ሳቀች። ያ ሳቅ ደስ አላለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ነቅቼ ፊቴን ልታጠብ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ቲቸር አንድ ወፍራም ጽድ ተደግፋ ቆማለች። ሹራቧን ወደ ላይ ሰብስባ ሆዷ ላይ መርፌ ትወጋለች። ቅጠል ረግጬ ኖሮ ዞር አለች። 

«ቫይታሚን ነው» አለችኝ።

ውሸት መሆኑን ያወቅሁት አጠገቤ ከደረሰች በኋላ ነው፤ ትከሻዬን ይዛ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ። ከተሰማ ለዚህ ሥራ አትሆኚም ይሉኛል። ቃል ግቢልኝ» ስትለኝ። እሺ አልኳት። ሰፈራችን ውስጥ ስለሚወጉ ልጆች የሚወራውን ሁሉ እሰማ ነበር፤ ያ ሁሉ ወሬ ባንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። እናቴ እጇን ይዛ አደራ ያለቻት ሴት ሱሰኛ ናት ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ቁርስ ላይ ዓይኔን ከሷ አልነቀልኩም። የትንሿ ዳቦ ጭቃ ላይ ሲወድቅባት ቲቸር የራሷን አንስታ ሰጠቻት፤ «እኔ ተራራው ጫፍ ላይ እበላለሁ» አለች።

ዳገቱ ከጠበቅነው በላይ ረዘመ። ጽዱ አልቆ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ጀመረ፤ ከዚያ ሣርና ድንጋይ። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት ሆነ፤ እሷ ግን «ትንሽ ነው የቀረን» እያለች ምሳውን አሳለፈችው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ የሷ ሹራብ ግን ጀርባው ላይ በላብ ጠቁሮ ነበር። አንዴ ቆማ ቆጠረችን።

«አንዷ የት ሄደች? ሰባት ነበራችሁ» አለች።

«ስድስት ነን ቲቸር» አልናት።

ደግማ ቆጠረችን። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች። ረጅሟ ወደኔ ዞራ ዓይኗን አፈጠጠች፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ጥያቄ ያንኑ ቃል ሳትለውጥ ጠየቀችን። 

ጉሙ ከፊታችን ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ከታች ነው የወጣው። ደኑን ዋጠው፣ ያለፍነውን ድንጋይ ዋጠው፣ ከዚያ የራሴን ጫማ እንኳ በደንብ ማየት አቃተኝ። «ኦቦ ቁጭ በሉ ብለውናል» አለች ትንሿ። ቲቸር ዞረችና ሰምተንባት በማናውቀው ድምፅ ጮኸችባት።

«መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ምላሷ ተሳስሮ ነበር። ቃላቱ የተጎተቱ ናቸው። የትንሿን እጅ አንጓዋ ላይ ይዛ ከመንገዱ ወጣችና ቁልቁል ትጎትታት ጀመር። እኛም ተከተልን። ይህን ስጽፍ ዛሬም የሚገርመኝ መከተላችን ነው። አምስት ልጆች የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ እያወቅን ትልቅ ሰው ስለሄደ ብቻ ሄድን። በልጅነታችን ትልቅ ሰው ሲመራ መከተል እንጂ ማስቆም አልተማርንም።

ያስቆመቻት የሱሉልታዋ ልጅ ናት። ከኋላ ሮጣ አልፋን ቲቸር ፊት ለፊት ቆመችና ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገችባት።

«ቲቸር፣ ቁጭ በይ።»

«ልቀቂኝ!»

«ቁጭ በይ አልኩሽ!» ያን ያህል ድምፅ እንዳላት አናውቅም ነበር። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር እኛን ጠየቀች። «መርፌ ስትወጋ ያየ አለ?»

ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ቃል ገብቻለሁ፤ ብናገር ሥራዋን ታጣለች፤ ደግሞ ጠዋት አይቼ እስካሁን ዝም ማለቴ ሊታወቅብኝ ነው። ይህን ሁሉ ለማሰብ ምን ያህል እንደፈጀብኝ እንጃ፤ ብቻ ትንሿ «አመመኝ፣ እጄ!» ስትል ሰማሁ።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ። «ጠዋት። ሆዷ ላይ።»

«ስኳሯ ወርዷል ማለት ነው» አለች የሱሉልታዋ ልጅ። «እናቴ ስኳር አለባት፤ እንዲህ ነው የምትሆነው። ጣፋጭ ነገር አምጡ፣ ቶሎ!»

ጣፋጩን ግን ጦጣዎቹ ወስደውታል። ሻንጣችንን ዘረገፍን፤ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ካልሲ። ረጅሟ ለትንሽ ጊዜ ተቅበጠበጠችና ከልብሷ ሥር የተጠቀለለ የለስላሳ ጠርሙስ አወጣች። ለስላሳ ይዞ መምጣት ክልክል ነበር። «ጫፍ ላይ ደርሼ ልጠጣው ነበር እኮ» አለች፤ ድምጿ ሊያለቅስ ደርሷል።

ቲቸር ጠርሙሱን ገፋችው። እንደማያውቀን ሰው ታየን ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ያግባባቻት ትንሿ ናት። አንጓዋ ላይ የጣት ምልክት ቀልቶ እየታየ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ «ቲቸር፣ አብረን እንጠጣ። አንዴ እኔ፣ አንዴ አንቺ» አለቻት። አንዴ እሷ ከንፈሯን አስነካች፣ አንዴ ቲቸር ዋጠች። የሱሉልታዋ ልጅ «በትንሽ በትንሹ፣ እንዳያንቃት» እያለች ጠርሙሱን ትይዝ ነበር።

በቲቸር ስልክ ለመደወል ብንሞክር ኔትወርክ የለም፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ቲቸርን የሱሉልታዋ ልጅ እግር ላይ አጋድመን ባለን ልብስ ሁሉ ሸፈንናት። ከጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮሃል፤ የውሻ ዓይነት፣ ግን አጭርና ደረቅ። ዝም ይልና ቀረብ ብሎ ደግሞ ይጮሃል። ተጠጋግተን ተቃቀፍን።  ትንሿ በኦሮምኛ ትጸልያለች፤ ከጸሎቱ «ዋቀዮ» የሚለው ብቻ ነበር የገባኝ።

ትንሽ ቆይቶ ቲቸር ዓይኗን ገለጠች። «የት ነው ያለነው?» አለች በራሷ ድምፅ።

ልክ ያኔ ነው ነፋስ መጥቶ ጉሙን የከፈተው። ከተቀመጥንበት አሥር እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ ሣሩ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም፤ ባዶ ነው፤ ከሥሩ፣ በጣም ከታች፣ የዛፎች አናት ይታያል። ትንሿን ይዛ ስትሄድ የነበረው ወደዚያ ነው። ቲቸር ፊቷ ወደ ዳገቱ ዞሮ ስለተኛች አላየችም። የሱሉልታዋ ልጅ አየችው፤ ከዚያ እያንዳንዳችንን ተራ በተራ አይታ እንዳንናገር ራሷን ነቀነቀች። 

ቲቸር ዳቦ በልታ፣ ጉሙ እስኪሳሳ ድረስ እዚያው ተቀመጥን። ከዚያ መናገሻ መሄዱን ትተን በመጣንበት ወረድን። ከላይ ጫካው የሚጀምርበት ጋ ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ሽቅብ ሲመጡ አገኘናቸው፤ ጉሙ ተራራውን ሲሸፍነው አይተው ነው የተነሱት። ስለ ውሻው ስንነግራቸው ቆም አሉ።

«ውሻ አይደለም፣ ድኩላ ነው። ድኩላ እንደዚያ የሚጮኸው ነብር ሲያይ ነው።»

ከዚያ እስከ በሩ ድረስ ማንም ወደ ኋላ አልቀረም።

ክበቡ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉዞ አላዘጋጀም። ቲቸር ራሷ ሄዳ ሕመሟን ተናገረች፤ ከሥራዋም ወጣች። እናቴ ስትሰማ የምትለው ሁሉ ስለ አደራ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ነገሩን እያነሳች ተቆጣች። በሦስተኛው ቀን ግን ከሥራ ስትመለስ ብርቱካን ገዝታ መጣችና፣ «ልበሺ፤ የታመመ ሰው ይጠየቃል» አለችኝ።

ቲቸር ሰበታ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። እናቴን ስታይ ተነሥታ ቆመች፣ መቀመጡ ጠፋባት። እናቴ ብርቱካኑን አስቀምጣ እስኪበቃት ወቀሰቻት፤ «ብትነግሪን ኖሮ ልጆቹስ አያውቁም ነበር? እኔስ የምትበይውን አላዘጋጅም ነበር?» አለቻት። ቲቸር አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ እናቴ ውሃ ለመቅዳት ወደ ግቢው ስትወጣ ወደኔ ዞረች።

«ከዳገቱ በኋላ የማስታውሰው የለም» አለችኝ። «ምን አደረግኩ? አንቺ ንገሪኝ፤ ሌሎቹ ይሸሹኛል።»

ነገርኳት። ሰባት ናችሁ ማለቷን፣ ትንሿ ላይ መጮኋን፣ ለስላሳውን መግፋቷን ነገርኳት። የትንሿን እጅ ይዛ ከመንገድ መውጣቷንም ነገርኳት። ገደሉ ጋ ስደርስ ዓይኔን ወደ በሩ መለስኩ። «ከዚያ ተቀመጥሽ» ብዬ ጨረስኩ።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። አንድ የዘለልኩት ነገር እንዳለ የገባት መሰለኝ፤ እጆቿን ገልብጣ መዳፏን ተመለከተች። አልጠየቀችኝም። እናቴ ውሃውን ይዛ ገባች፤ ብርቱካኑን አጥባ መላጥ ጀመረች።