እጄን ያላወጣሁበት ጥያቄ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልመታኝም፤ ምግብም አልከለከለኝም።

ከእናቴ ጋር በምኖርበት የዓረብ ከተማ፣ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ሐምሪያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ለተቃውሞ ቆመን ነበር፤ የአንዲት የቤት ሠራተኛ አስከሬን ወደ አገሯ ይላክ ብለን። የተያዝኩት እዚያ ነው። ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነበር። ኤሲው አይጠፋም፤ በረኪና ይሸታል። መቀመጥ አቅቶኝ ከበሩ እስከ ግድግዳው እመላለስ ነበር።

«ያላ፣ ተቀመጪ! አዞርሽኝ እኮ» አለችኝ አንዲት የወሎ ሴት። ቦሻር ከሚባል ሰፈር ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ ነው የተያዘችው። «ምን ብለው ጠየቁሽ?»

«ከመምህሮችሽ ማን ላከሽ አሉኝ። ከምሳ በኋላ ይጠሩኛል።»

የላከኝ አልነበረም። ግን የኮሌጃችን የታሪክ መምህር የጥናት መስካቸው ባሕር ተሻግረው የመጡ ሠራተኞች ታሪክ ነው። «ሄዳችሁ ሰዎቹን ስሟቸው» ብለውን ነበር። ይህን ብናገር፣ እሳቸውም የውጭ ዜጋ ስለሆኑ ውላቸው ተቋርጦ ከነልጆቻቸው ከአገር ይባረራሉ።

እኔ ደግሞ ተጠይቄ ዝም ማለት አልችልም። ትምህርት ክፍላችን አዲስ ተማሪዎችን የየመምህሩን ቢሮ እያንኳኳን መስካቸውን እንድንጠይቅ ያደርጋል። ሁሉንም በቃሌ የያዝኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን በሹክሹክታ ስነግራት ሳቀች። «አንቺ ተማሪ፣ እዚህ ቀድሞ የመለሰ ጎበዝ አይባልም።»

መርማሪው ትሑት ሰው ነበር፤ ሻይ አስመጣልኝ። የኮሌጁን ድረ ገጽ በስልኩ ከፍቶ የመምህራኑን መስክ ያነብልኝ ጀመር።

«የላከሽ ሰውዬ ጋ ስደርስ አስቁሚኝ። የጥንት የዓረብ ግጥም?»

ጣቱን ወደ ቀጣዩ መስመር አወረደ።

«የሥነ ምግባር ፍልስፍና?»

እግሬን ከወንበሩ እግር ጋር አቆላለፍኩት።

«የሠራተኞች ስደት ታሪክ?» ቀና ብሎ አየኝ።

ቀኝ እጄ ክፍል ውስጥ እንደለመደው ሊነሣ ሲል ጭኔ ሥር ከተትኩት።

«አንድ ሰው ዘለሉ» አልኩ።

«ማንን?»

«እኔን። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ መስክ ገና አልመረጥኩም። ሐምሪያ የሄድኩት በራሴ ነው።»

ደጋግሞ ጠየቀኝ። ደጋግሜ ያንኑ አልኩ። ሻዩ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

ስመለስ ሴትየዋ ብርድ ልብሷን አካፈለችኝ። «መለስሽ?»

«ስለ ራሴ ብቻ።»

«ኻላስ፣ በቃ! በይ አሁን እንኳ ተቀመጪ።»

አሁንም አልቻልኩም።

እሷን ወደ አገር መለሷት። እኔ ተለቅቄ በየሳምንቱ ከእናቴ ጋር ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ እፈርም ነበር። መምህሬ ዛሬም ያስተምራሉ፤ የሚያውቁት ነገር የለም። ክፍል ውስጥ ሲጠይቁ እጄን አወጣለሁ፤ ከማውጣቴ በፊት ግን ለአፍታ አየዋለሁ። ፋይልሽ ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ አትፈርሚም ያሉኝ እዚህ የሥራ ቀን በሆነው እሁድ፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነው።