ከሳ፣ ወፈረ፤ በቆቦ መጠለያ ሚዛን ስይዝ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መርፌ አልነበረም፤ ሚዛን ነበር። በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ቆቦ ላይ በተከፈተው መጠለያ ረዳት ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት ሆኜ ገባሁ። አለቃዬ ዋና ድሬሰር አቶ ካሣ ሚዛኑን ከግራር ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠሉና፣ «ልጁን በጨርቁ ስቀል፣ እስኪረጋ ጠብቅ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ጥራ» አሉኝ። ለወባ ሲውጡት በኖሩት ኪኒን ጆሯቸው ከብዶ ነበር።

ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ የጨመረ ይድናል፣ የቀነሰ ይሞታል። በሙያው ውስጥ ከዚህ የባሰ ስህተት አላየሁም።

ዘሃራ ከዋጃ ወዲያ ካለ መንደር በእግሯ መጣች። ልጇን ሰይድን በአንቀልባ አዝላዋለች፤ ጉንጩ ሙሉ ነው፣ እግሩ ያብረቀርቃል። ዘበኛው «ይሄ የጠገበ ነው፤ የከሱት ይቅደሙ» ብሎ ከበር መለሳት። አቶ ካሣ ከውስጥ አይተው ወጡና የልጁን እግር በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጣታቸውን ሲያነሱ ጉድጓዱ ሊጥ ላይ እንዳለ ሆኖ ቀረ።

«ይሄ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። አስገባት» አሉት።

ሰቅዬ ቁጥሩን ስጠራ ዘሃራ ተቆጣች። «ማሻአላህ በልበት እንጂ! በሰው ፊት የልጄን ክብደት ትጠራለህ?»

ማተብ ያሰርኩት እኔ «ማሻአላህ» አልኩ። ሰልፉ ሳቀ።

ሰይድ ወተት በማንኪያ ጀመረ። ሽንቱ በዛ፤ ቁጥሩም በየቀኑ ወረደ። ጉንጩ ጎደለ፣ የጎድን አጥንቱ ወጣ። ዘሃራ ቁጥሩን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይጠቁር ነበር። አንድ ቀን አንቀልባዋን አነሳች።

«ወተታችሁ ልጄን አቀለጠው። አሊያም ያንተ ዓይን ነው። አገሬ እገባለሁ።»

አገሯ እህል እንዳልቀረ ሁለታችንም እናውቃለን። አቶ ካሣ እንዳስረዱኝ «አብሽሪ እታለም፤ የቀነሰው ውሃው ነው» አልኳት።

«ጀርባዬ ሚዛን አይደለም? ሲቀልብኝ ይታወቀኛል ወላሂ!»

«እስቲ እግሩን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው» አልኳት። ተጫነች። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓድ አልቀረም። ደግማ ተጫነችና አንቀልባውን አስቀመጠች። «እስቲ ነገን ልየው» አለች።

ቆየች። ያ ዝም ያለ ልጅ ማልቀስ ጀመረ፤ ማንኪያ ከእጄ ይነጥቅ ጀመር። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። እኔም ለምዶብኝ ለክርስቲያኑም ልጅ ማሻአላህ እላለሁ።

ለእናቶች ሚዛን አልነበረንም። የሚታደላቸው በቀን አንድ ጭልፋ ቅንጬ ነው። ዘሃራ ከዚያችው ላይ ለሰይድ ታካፍል እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ፊቷ መሙላት ሲጀምር አብረዋት የተኙት ሴቶች «የልጇን ወተት እየጠጣች ወፈረች» አሏት። ቅንጬ አዳዩም አምኗቸው ድርሻዋን ቀነሰባት። «አላህ ያውቃል» ብላ የተሰጣትን ተቀበለች።

አቶ ካሣ ተኝታ አገኟትና እግሯን ተጫኑት። ጉድጓዱን ቆመን አየነው። ከዚያ አዳዩ ላይ ጮኹበት፤ «ያበጠና የጠገበ አትለይም?» ወተት ታዘዘላት። ሆዷ አልያዘውም። ብዙ ሳትቆይ ሞተች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንድሟ ከሮቢት መጥቶ ሰይድን ሊወስድ ሲል ለመጨረሻ ጊዜ መዘንኩት። ቁጥሩን ጠርቼ የሚቆጣኝ ስላልነበረ ማሻአላህን ራሴው አልኩ። ሰውዬው አንቀልባ ማሰር አያውቅም፤ እኔ አሰርኩለት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህ ነው። ሚዛንና ፊት ብቻ አይታችሁ ከሳ፣ ወፈረ አትበሉ። እግሩን ተጫኑ። የእናቱንም እግር ተጫኑ።