ያልተከተሉት የንብ መንጋ

ነቀምቴ ውስጥ የአንድ መርህ ስም ተጠርቶ ኦቦ ዋጋሪ ካልተረጎሙት መርሁ ራሱ ቅር ይለዋል ይባላል። ጡረታ የወጡ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው። የሥልጣን ክፍፍልን በባጃጅ ያስረዳሉ፤ «መሪው የሹፌሩ፣ ቅጣቱ የትራፊኩ፣ ፍርሃቱ የተሳፋሪው!» በጸጋ መዳንን ደግሞ በማኪያቶ፤ «ሰው ከፈለልህ፣ ምን ኪስህን ያስዳብስሃል?» አንዴ ሉዓላዊነትን ማብራራት ጀምረው፣ የካፌው አስተናጋጅ አግብቶ ልጅ እስኪወልድ አልጨረሱም።

ሰሞኑን ግን አፋቸው ተያዘ። የጎረቤታቸው የእትዬ ብፅዓት የንብ መንጋ ኮብልሎ እሳቸው ጓሮ ከነበረው ባዶ ቀፎ ገባ። እትዬ ብፅዓት ማር ሸጠው አዳሪ ናቸው። ኦናውን ቀፏቸውን እየከፈቱ ይዘጋሉ፤ ዋጋሪ ከአጥሩ ወዲህ ሆነው ያያሉ።

የቀድሞ ተማሪያቸው ጠበቃው ጃራ ካፌ ውስጥ አጽናናቸው።

«ባርሲሳ፣ መምህሬ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? ንብ የባለቀፎው ነው። ሲወጣ ባለቤቱ ካልተከተለው ባለቤትነቱም አብሮ በረረ።»

«መርሁን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ እትዬ ብፅዓት ተከተሉት?»

«አልተከተሉም።»

«በቃ! ማሩ ሲቆረጥ እኔን አይርሱ።»

ዋጋሪ ወደ ቤት ሲያዘግሙ መርሁን አገላበጡት። ቸልተኛ ንብረቱን ያጣል፤ ተማሪ እንዲህ ቢመልስላቸው ሙሉ ማርክ ይሰጡታል። ነገር ግን አንድ ነገር ጎረበጣቸው። መንጋው የገባው የእናታቸው ቀብር ዕለት ነው፤ ከቀብሩ ቦታ ከጉቴ ሲመለሱ ቀፎው ያጉረመርም ነበር።

እትዬ ብፅዓት አጥሩ ሥር ጠበቋቸው።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ አካም ጅርቱ? ንቦቼን አላዩልኝም?»

«እኔ ጋ ናቸው» አሉ፣ ሳያስቡት አመለጣቸው። ወዲያው መምህርነታቸው ተነሣባቸው። «ግን እኮ እትዬ፣ ሕጉ ሲወጡ መከተል ነበረብዎት ይላል።»

«ያን ዕለት የእናትዎን አስከሬን ተከትዬ ጉቴ ነበርኩ። ንቡን ማስቀደም ነበረብኝ?»

ቁጣ የለበትም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። ዋጋሪ እኚህ ሴት አንዱንም መዝሙር ሳያውቁት ከመካነ ኢየሱስ ለቀስተኛ መሀል ቆመው ሲያለቅሱ ታዩዋቸው። «ቸልተኛ» የሚለውን ቃል ከምራቃቸው ጋር ዋጡት።

ንቡ ሲሰበሰብ፣ ሲመሻሽ፣ ዋጋሪ በኮታቸው የቀፎውን አፍ ሸፍነው አነሡት።

«ቀፎው እኮ የእርስዎ ነው!»

«ወዴት ላፍስሳቸው ታዲያ? ይልቅ አጥሩን ያዙልኝ!»

ነቀምቴ እንደሚለው ከሆነ አንዲት ንብ ብቻ ቅንድባቸውን ነድፋ ፊታቸውን የዱባ ያህል አደረገችው። መንገድ የጠፋባቸው ጥቂት ንቦች ደግሞ በሁለቱ ጓሮ መሀል ሲመላለሱ ሰነበቱ።

«ባርሲሳ፣ ሰጡ እንዴ?» አለ ጃራ በማግሥቱ። «መርሁስ? ተሳሳተ ሊሉኝ ነው?»

ዋጋሪ ባልተነደፈው ዓይናቸው አዩት።

«መርሁማ ልክ ነው። ለቅሶ ደርሶ አያውቅም እንጂ።»