የአክስቴ ልጅ፦ ከፒትስበርግ ወደ ኮሎምበስ

ዓርብ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2021፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከፒትስበርግ ተነሣሁ። የጉዞዬ ይፋዊ ምክንያት ኮሎምበስ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ስለ ሉዊያን ቋንቋ የዝምድና ቃላት ለጥቂት ተማሪዎች ንግግር ማድረግ ነበር። ሉዊያን ከሦስት ሺህ ዓመታት በፊት ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር ይነገር የነበረ ቋንቋ ነው። ዋናው ምክንያት ግን በከተማዋ ሂልቶፕ ሰፈር የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ እኅት፣ እትዬ አስካለ፣ ነበሩ። ሰኞ የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ራሳቸውን ቢስቱ ስለ እርሳቸው ማን እንደሚወስን ሆስፒታሉ ሲጠይቃቸው «ልጄ ዳንኤል» ብለዋል። እትዬ አስካለ ወልደው አያውቁም።

ዳንኤል ፎቃቸውን የተከራየ፣ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ባለፈው እሑድ ከአክስቴ ጋር በስልክ ተሰነባብተን መስመሩ ሳይዘጋ ድምፁ ተሰማኝ፦ «ስትመጣ እንዳትነግሪያት፤ አደራ!» የሰባ ስድስት ዓመት ሴትን «አንቺ» ማለቱንም ልብ ብያለሁ።

ከዊሊንግ ዋሻ ስወጣ የኦሃዮ ወንዝ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ዛንስቪል ላይ ቆሜ ሻይና የእንቁላል ሳንዱች በስምንት ዶላር ገዛሁ፤ ሳንዱቹን ግን ግማሹን እንኳ አልበላሁትም። ቤቱን አይቶ ነው የተጠጋቸው የሚለው ሐሳብ ከዚያ በኋላም አልለቀቀኝም።

እኩለ ቀን፣ ዩኒቨርሲቲው

መኪናዬን ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር አቁሜ በእግሬ ሄድኩ። ተማሪዎቹ ጭምብል አድርገው ተራርቀው ተቀምጠዋል። በሉዊያን «የአባት» ለማለት ብዙ ጊዜ ከስሙ ላይ ቅጥያ በመጨመር ቅጽል እንደሚበጅ፣ ቅጽሉም የሚገልጸውን ስም መልክ እንደሚከተል አስረዳሁ። «ናኒ» ወንድም ነው፤ ቅጥያ ሲጨመርበት «ናናስሪ»፣ እኅት፣ ይሆናል።

ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «ሳይወልዱት ልጅ ለሆነ ሰው ቃል አላቸው?»

«እኔ አላጋጠመኝም» አልኩ። «አለማጋጠሙ ግን አለመኖሩን አያረጋግጥም።»

ዐሥር ሰዓት፣ ሂልቶፕ

በሩን የከፈተልኝ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። የቤቱ ቁልፍ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የአክስቴ ስልክም እጁ ላይ ነው።

«እትዬ ሰብለ? ይግቡ፤ እማዬ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀችዎት ነው።»

በሩቁ ለመያዝ እኔም «እርስዎ» አልኩት። «ስልካቸው ምነው እርስዎ ዘንድ?»

«የሆስፒታሉ ሰዎች ኮል ሲያደርጉ ኮንፊውዝ ያደርጓታል። ደግሞ የትም ትጥለዋለች፤ ባለፈው ፍሪጅ ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

«ከቅቤው አጠገብ ነበር! ጠፋ ይባላል እንዴ?» አሉ አክስቴ ከሳሎን።

ለእራት ፊት ለፊት የሚኖሩት ጎረቤት፣ ጋሼ መኰንን፣ መጡ። ሽሮው ቀርቦ ሁላችንም እንደተቀመጥን ዳንኤልን ጠየቅኩት። «እሑድ ‹እንዳትነግሪያት› ያሉት ምኑን ነው?»

ዳንኤል አንገቱን ደፋ። አክስቴ ሳቁ። «ማሩን ነዋ!»

ባለፈው የበረዶ ወራት በኮቪድ ታመው ከሆስፒታል ሲመለሱ እያጎረሰ ያስታመማቸው እርሱ ነው። አንድ ቀን አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው በምስክር ፊት እንደ ጡት አጠቡት። አገር ቤት በዚህ ሥርዓት የጠባ ሰው የጡት ልጅ እንደሚባልና እንደ ወለዱት እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ በሂልቶፕ ግን አልጠበቅኩትም።

«ሐሳቡ የማን ነበር?» አልኩ።

«የኔ! እሱማ ጴንጤ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንልኝም ብሎ ነበር። ማር ሃይማኖት የለውም፣ ዝም ብለህ ጥባ አልኩታ!»

«ምስክሩ እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ መኰንን። «ኮቪድ ነው ብለው ስላላስገቡኝ በረዶ ላይ ቆሜ በመስኮት ነው ያየሁት። ማሩንም አልቀመስኩ!»

«እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይስቁብናል ብዬ ፈርቼ ነው» አለ ዳንኤል ቀስ ብሎ።

አልሳቅኩም፤ አላመንኩምም። ምስክሩ የአክስቴ ወዳጅ ናቸው፤ አንድ ጊዜ እምቢ ማለትም ታማኝ ለመምሰል ይጠቅማል። ስለዚህ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ገባሁ። «ሐኪሞቹ ተስፋ የለም ቢሉና ቢጠይቁዎት ምን ይመልሳሉ?»

አክስቴን አያቸው። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁለት።

«ማሽን ላይ እንዳትተወኝ ብላኛለች። እኔ በሕይወት እንድትቆይልኝ ነው የምፈልገው፤ ግን እሷ ያለችውን እናገራለሁ። ብቻዬን ግን አልችለውም። ቀድሜ ኮል የማደርገው ለእርስዎ ነው።»

እኔ ብሆን «የሚቻለው ሁሉ ይደረግላቸው» እል ነበር። አክስቴን ምን እንደሚፈልጉ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት

በቁርስ ሰዓት ተወሰነ። በሆስፒታሉ በአክስቴ ፈንታ የሚናገረው ዳንኤል ነው፤ እርሱ ባይገኝ እኔ። ከማንኛውም ውሳኔ በፊት ይደውልልኛል። ይህን የመጨረሻውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አክስቴ ግን አልበቃቸውም። «በመስኮት የታየ ነገር ያጠራጥርሻል አይደል? ነይ፣ ቅረቢ!» ብለው የማሩን ጠርሙስ ከፈቱ።

«እማዬ፣ እንደገና?» አለ ዳንኤል።

«ዝም በል፣ ጥባ!»

አጠገባቸው ቆሜ በሚገባ ተመለከትኩ፤ ጠብቷል። ምስክርነቱንም ተቀበልኩ። ቦርሳዬን እስከ መኪናው ተሸክሞልኝ ወጣና «ሰኞ እደውልልሻለሁ፣ እህቴ» አለኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ለሁሉም እንዲሁ እንደሚሉ አውቃለሁ።

«እንዳትረሳ» አልኩት።